በቅርብ የተከፈተ ይቅደም

ሰኞ 3

ይህን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ባዶውን አገኘሁት። መጻፍ ወድጄ አይደለም። ድንጋይ ጠራቢው ነው ያመጣብኝ። «አባት፣ በአፍ አይሆንም፤ ቃሉን በወረቀት ያምጡልኝ። ድንጋይ ላጲስ የለውም» አለኝ። ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ወረቀቱ እኔን፣ እኔ ወረቀቱን ስንተያይ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ባዶ ከምተወው ይሄን ጻፍኩበት።

ጥቅሷ ጠፍታኝ አይደለም። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ያዘችና «ያቺን ጥቅስ ድንጋዬ ላይ አስጽፍልኝ፤ ማታ ማታ የማነብልህን» አለችኝ። እሺ አልኳት። «ታውቃታለህ አይደል?» አለች። «እንዴት አላውቃት!» አልኳት። ፈገግ አለች። ስለዚህ አውቃታለሁ ማለት ነው። ቀስ ብላ ትመጣለች።

ረቡዕ 5

አንድ ነገር መጣልኝ። ውስጧ በር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ በርና መስኮት ስገጥም የኖርኩ አናጺ ነኝ፤ በር ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ስታነብ «በር» የምትለው ቦታ ስትደርስ ቀና እል ነበር፤ እሷም ቀና ማለቴን አይታ ትስቅ ነበር። ከበሩ በፊትና ከበሩ ኋላ ያለው ነው የራቀኝ።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በላፕቶፕ ነበር የምታነበው። ትልቋ ልጃችን የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ፕሮግራም ጭናላት ነበር፤ ፊደሉ ጡብ ያክላል። አንድ ቃል ከተጻፈበት፣ ያ ቃል ያለበትን ጥቅስ ሁሉ ሰብስቦ ይደረድራል። ታዲያ ምን ቸገረኝ? የሰው ደጅ መጥናት የለ።

ሐሙስ 6

ትልቋ ደወለች። ሥራዋ ሩቅ ከተማ ነው። የእናቷ ዓመት ሲሞላ ትመጣለች፤ ድንጋዩም ያን ቀን ቆሞ መታየት አለበት።

«አባዬ፣ የእማዬን ላፕቶፕ እንዳትከፍተው። እኔ ስመጣ ጥቅሷን ቃል በቃል አወጣታለሁ። ቀላል ነው፤ ብቻ አንተ አትንካው።»

«ጥቅሷን አውቃታለሁ ብዬሻለሁ።»

«አውቃለሁ አባዬ፤ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት ብዬ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ቢዘገይስ?»

«የእናትሽ ድንጋይ አይዘገይም።»

«እሺ። ግን አልነካውም በለኝ።»

«አልነካውም።»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ተናደድኩ። ለእሷ አልጋ የሠራ እጅ፣ ለትምህርት ቤቷ ጠረጴዛ የሠራ እጅ፣ ዛሬ ማሽን ሰባሪ ሆነ። ደግሞስ አባት ልጁን «እናትሽ ምን ነበር የምትለኝ?» ብሎ ይጠይቃል?

ከፈትኩት። አልተሰበረም።

ቅዳሜ 8

«በር» ብዬ ጻፍኩ። ጎርፍ መጣ። ለካ ይሄ ፕሮግራም ቃል አይለይም፤ «ነበር» የሚለውን ሁሉ በር ነው ብሎ ይዞልኝ መጣ። ንጉሥ ነበር። ድርቅ ነበር። ሰውየው ሽማግሌ ነበር። እሱን እንኳ ሳልፈልገው አውቀዋለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ስጫን ስጫን «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል አገኘሁና «ነበር» ሁሉ ጠፋ። ቀጥዬ «በሩ»፣ «በሩን»፣ «በሮች»፣ «ደጅ» እያልኩ አንዱን ዝርዝር ከአንዱ አስከተልኩ። ደጅም በር ነው።

ብዙ ነው። ግን ሳንቃ ሲላግ ከጫፍ ይጀመራል፤ መሃል ገብቶ የሚልግ ሰነፍ ነው። ከላይኛው ጀምሬ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ሳያት አውቃታለሁ፤ ድምጿ ይመጣልኛል።

ማክሰኞ 11

ዝናብ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ የአናጺ ቤት። ትንሽ ብቻ ከፈትኩ። ዓይኔ።

መርከብ ላይ በር ግጠም ይለዋል። ማጠፊያው ከምን እንደሆነ አይናገርም።

ሐሙስ 13

ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር መዶሻ ሊዋስ መጣ። ጠመኔ ነው የምለው፤ ጡረታ ወጥቶም እጁ ነጭ ይመስለኛል። ላፕቶፑን አየና ዓይኑ በራ።

«ጎረቤቴ፣ ውጤቱን አደራደሩን ቢቀይሩት እኮ ይቀልልዎታል። ላሳይዎት?»

«ምን ውጤት? እኔ ተማሪ ነኝ?»

«የፍለጋውን ውጤት ማለቴ ነው።»

«መዶሻውን ውሰድና በጊዜ መልስልኝ።»

መዶሻውን ይዞ ወጣ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሰው ማስተማር ያምረዋል። እኔም እኮ የፊደል ዘር አውቃለሁ። ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ በወጣትነታችን፣ በሳንቃ ቁራጭ ላይ በከሰል እየጻፈች።

ዛሬ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየጥቅሱ ጎን ትንሽዬ ቀን ተጽፋለች። የከፈትኩት ላይ የከፈትኩበት ቀን አለ፤ ያልተከፈተው ላይ ምንም የለም። ጥቂቶቹ ላይ ግን ያለፈው ዓመት ቀን ነው ያለው። ማሽኑም እንደ ባለቤቱ ጃጅቷል አልኩ። ደግነቱ ስከፍታቸው ራሳቸውን ያርማሉ፤ የዛሬን ቀን ይጽፋሉ። እያረምኩላት ነው።

እሑድ 16

የሚስቴ እህት መጣች። ስትገባ ጀምሮ ያገኘችውን ብርጭቆ ሁሉ እያነሳች ታጥባለች፤ ንጹሑንም። ምላሷ ከመላጊያ ይስላል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምሁር ሆነሃል» አለችኝ ላፕቶፑን አይታ።

«ጥቅሷን እያመሳከርኩ ነው።»

«አሁን ነው የምታመሳክረው? እሷ ስታነብልህ ራዲዮህ እየጮኸ፣ እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ የማንን ድምፅ እንደምሰማ ግራ ይገባኝ አልነበር?»

«ዝቅ አደርገው ነበር።»

«ዝቅ ሲል እንደዚያ ከሆነ!»

ዝቅ አደርገው ነበር። ዜና ካልሆነ በቀር ዝቅ አደርገው ነበር። እሷም አንድ ቀን አጥፋው ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ አጠፋው ነበር።

ብርጭቆዋን ስትጨርስ «ለመሆኑ አንቺ ታስታውሻታለሽ? ልፈትንሽ ነው» አልኳት።

«የቷን?»

«ለእኔ የምታነብልኝን።»

ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። «ለእኔ ሌላ ሌላውን ነበር የምታነብልኝ። ያቺን አንብቢልኝ ስላት ‹እሷ የእሱ ናት› ትለኝ ነበር።»

«አዎ። የእኔ ናት። አውቃለሁ።»

«ካወቅህማ ጻፈዋ! ልጅቷ ስትመጣ ታወጣልሃለች፣ ተዋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

የእሱ ናት። እንደዚያ ትል ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ 20

ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። ምንም።

አንድ ጉልበተኛ የከተማውን በር ከነመቃኑ ነቅሎ ተሸክሞ ሄደ ይላል። መቃኑ በደንብ አልተመታም ማለት ነው።

ይህን ብነግራት ትስቅ ነበር።

ሰኞ 24

ድንጋይ ጠራቢው ጋ ሄድኩ። ውጭው ጭቃ፣ ውስጡ ነጭ አቧራ። ድንጋዩን ጨርቁን ገልጦ አሳየኝ። ስሟን ጨርሷል። ከስሟ በታች ያለውን ልጎ፣ አለስልሶ፣ ባዶ ትቶታል። እጄን አሳለፍኩበት። የእንጨት ሰው ብሆንም ጥሩ ሥራ ሳይ አውቃለሁ። የሕፃን ጉንጭ ነው።

«አባት፣ ቃሉስ?»

«ቤት ረሳሁት።»

«ባለፈውም ቤት ነው የረሱት። የመጪው ወር ሁለተኛ ሳምንት ካለፈ ለቀኑ አልደርስልዎትም፤ ሌላ ሥራ ተቀብያለሁ። ካልሆነ ስሟ ብቻ ይቁም? ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።»

«ብዙ ሰው ቃል አልገባም።»

ጨርቁን መልሶ አለበሰው። ስመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። ጃንጥላዋን ይዤ አልወጣሁም፤ የሴት ጃንጥላ ነው።

ቅዳሜ 29

ሳል። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ማታ ትልቋ ደውላ «ላፕቶፑን አልነካኸውም አይደል?» አለችኝ። አልነካሁም አልኳት። ጭኔ ላይ ነበር፤ ሞቅ ያደርጋል።

አሁን አሁን የከፈትኩት ሁሉ በእሷ ድምፅ ይሰማኛል። ስለ ጦር የሚያወራው ሳይቀር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ሁሉም የእሷ ከሆነ የቷ የእሷ ናት?

ረቡዕ 3

ጨረስኩ። የመጨረሻዋን በር ዛሬ ከፍቼ ዘጋሁ።

አንዷም ቀና አላደረገችኝም።

ዓርብ 5

እግሬ ራሱ ወሰደኝ ብል ይሻላል። ጠመኔ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል።

«መዶሻዬን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«መለስኩልዎት እኮ።»

«እንግዲያው ቁጭ ልበል።»

ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጉልበቱ አወራን። ከዚያ «ያ አደራደር ያልከው ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ሰውየው አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተነስቼ እሄድ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ተከተለኝ፤ የጥቅሷን ነገር፣ ልጄም አወጣታለሁ ያለችውን መንገድ ላይ አጫወትኩት።

ላፕቶፑ ላይ «በር» ብሎ ጻፈ። ጥግ ላይ ያለች ነገር ሲጫን ሦስት መስመር ወረደ።

«ይኸውልዎት። የመጀመሪያው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ እስካሁን ያለው እሱ ነው። ሁለተኛው ለፈለጉት ቃል የቀረበውን ያስቀድማል። ሦስተኛው ግን ለእርስዎ የተሠራ ነው፤ በቅርብ የተከፈተ ይቅደም ይላል። ባለቤትዎ ማታ ማታ አንዷን ጥቅስ ይከፍቱ ከነበረ፣ የመጨረሻዋ እሷ ከላይ ቁጭ ትላለች። ልጅዎ አወጣለሁ ያለችው በዚህ ይሆናል።»

«ከላይ ቁጭ ትላለች?»

«አሁን ያዩዋታል።»

ተጫነው።

ረቡዕ 3። ረቡዕ 3። ማክሰኞ 2። ማክሰኞ 2። ሰኞ 1። ጣቱን ወደ ታች ጎተተው። ያለፈው ወር መጣ፤ 29፣ 27። የታመምኩበት ቀን እንኳ አልቀረም። ጎተተው። እስከ ቅዳሜ 8 ወረደ። ከዚያ ወዲያ ግርጌው ነው። «በሩን»፣ «ደጅን»፣ ሁሉንም ሞከረ። ያው ነው።

«ሰው ከፍቶት ነበር እንዴ?»

«ማን ይከፍተዋል? እኔ አልነካሁትም።»

ጠመኔ እኔን አላየኝም። ስክሪኑን ነው የሚያየው።

«የድሮው ቀን ነበረው እኮ» አልኩት። «ጥቂቶቹ ላይ ነበር። የት ሄደ?»

«አዲስ ሲከፈት በአሮጌው ላይ ይጽፋል። አንዱን ቀን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«ወደ ኋላ አይመለስም?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ንጹሕ ነበር መነጽሩ።

«አይመለስም ጎረቤቴ።»

ሻይ ላፍላልህ አልኩት። አይ አለኝ። በሩን ሲወጣ ቀስ ብሎ ዘጋው፤ የታመመ ሰው እንዳለበት ቤት።

ያው ዓርብ፣ ማታ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እሷንስ አወቅሽ ብለዋት ነው። እኔን ማን አወቅህ አለኝ?

ያለፈው ዓመት ቀን የነበራቸው ጥቂት ነበሩ። በአንድ እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር። ከእነዚያ አንዷ ላይ የነበረው ቀን፣ ማታ አብረን የተቀመጥንበት፣ በማግስቱ ሆስፒታል የገባችበት ቀን ነው። ዓይኔ ሥር ነበረች። በጣቴ ነው የተጫንኳት። የቷ እንደሆነች ለማስታወስ ከመሸ ጀምሮ ስታገል ቆየሁ። ስለ በር ነው። ሁሉም ስለ በር ነው።

ተነስቼ አንዷን ከፈትኩ፤ ምናልባት አሮጌው ቀን ከሥሩ ቢኖር ብዬ። ቀለም እንኳ ሲፋቅ ሥሩ ያለው ይታያል። ስንት አሮጌ በር ፍቄ የመጀመሪያ ቀለሙን አይቻለሁ፤ ሰማያዊ ከነጭ ሥር፣ ነጭ ከቡኒ ሥር። ይሄ ግን ሥር የለውም። ዓርብ 5 ብሎ ጻፈ።

ልጅቷ አትንካው ስትል ማሽኑን እሰብራለሁ ብላ የፈራች መስሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ብትነግረኝስ? ለካ ብትነግረኝ ጥቅሷን እንደማላውቃት አወቅኩብህ ማለት ይሆንባታል። አከበረችኝ።

ያን የመጨረሻ ማታ ምን ነበር የሰማሁት? ዜናውን አስታውሳለሁ። አንድ ድልድይ መፍረሱን አስታውሳለሁ። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ እስካሁን ልነግርህ እችላለሁ።

ማክሰኞ 9

ዛሬ ለድንጋይ ጠራቢው ወረቀቱን ሰጠሁት። የቅጥሩን በር ስለገጠሙ ሰዎች የሚናገረውን ነው የጻፍኩለት፤ መዝጊያውን ስላቆሙት፣ መቀርቀሪያና መወርወሪያ ስላበጁለት። ካነበብኩት ሁሉ ቃል ሳይቀር የገባኝ እሱ ነው። ሥራው በትክክል ነው የተጻፈው፤ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «አባት፣ ይሄ እኮ ስለ መቀርቀሪያ ነው።»

«አዎ።»

«ሰው ድንጋይ ላይ ስለ ሰላም፣ ስለ ዕረፍት ነው የሚያስጽፈው። ተሳስተው እንዳይሆን።»

«እሷ ናት ያለችው።»

«ሴትየዋ አናጺ ነበሩ እንዴ?»

«የአናጺ ሚስት ነበረች።»

ራሱን ነቀነቀና መሮውን አነሳ። የመጀመሪያዋን ፊደል ሲመታ ወጣሁ። መሮ እንጨት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ሌላ ነው። ይሄ ጥርስ ያማል።

ቅዳሜ 20

ትልቋ መጣች። ከስታለች። ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ጣሪያውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየችኝ። ከእራት በኋላ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ካልሲ ስፈልግ ቆየሁ። ስትጫን ይሰማኛል።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የከፈትከው?»

«ጠመኔ ነው።»

«መምህሩ?»

«አዎ። አትንካ ብለው አይሰማም። ፊደል የቆጠረ ሰው እንደዚያ ነው።»

ወደ ታች ጎተተች። ጎተተች። ጎተተች።

«አንድ በአንድ? አንድም አልዘለለም እኮ። በዚህ ዝናብ፣ በዚያ ዓይኑ…»

«ዓይኑ ደህና ነው የጠመኔ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጥቅሷንስ ለጠራቢው ሰጠኸው?» አለችኝ።

«ሰጠሁት።»

«ታስታውሳት ነበር?»

«እንዴት አላስታውሳት!»

ፈገግ አለች። ፈገግታዋ የእናቷ ነው።

እሑድ 21

ድንጋዩ ቆመ። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ በዓይኔ ለካሁት። ሰው ሁሉ እየቀረበ አነበበ። ጠመኔ አነበበና ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኋላ ቆመ። የሚስቴ እህት አነበበችና ዞረችብኝ።

«እህቴ? ስለ መቀርቀሪያ?»

ከመመለሴ በፊት ትልቋ ክንዷን ያዘቻት። «የእሱ ናት ብላሽ የለ እንዴ፣ አክስቴ? እንግዲህ የእሱ ናታ።»

እህትየው ነጠላዋን አስተካከለች። ይህቺን ሴትዮ ዝም ያሰኛት እስከ ዛሬ አልነበረም።

ልጄ አመነችኝ። ጥሩ ልጅ ናት።

ማክሰኞ 23

ትልቋ ሄደች። ከመሄዷ በፊት አደራደሩን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል መለሰችው። «ቀኖቹ አይታዩህ፤ ከመጀመሪያው ይምጣልህ» አለችኝ።

ዓርብ 26

ራዲዮውን ለጠመኔ ሰጠሁት። ድምፁ ተበላሽቷል። ከፍቶ ሰማውና «ጎረቤቴ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው» አለኝ። «ለአንተ ጆሮ ነው ደህና» ብዬው ወጣሁ።

ሰኞ 29

ዝናቡ አባርቷል። ጣሪያው እንዳለ ነው፤ አልወጣሁበትም። ማን ይኖርበታል ብዬ።

እንደመሸ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ መብራቱ ለዚያ ወንበር ነው የሚስማማው። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ፊደል እየቆጠርኩ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሁሉም ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። «በር» የሚለው ቦታ ስደርስ ቆም እላለሁ።

ማንም ቀና አይልም።